ጀርመን ሰዓት ያከብራል፣ ሐበሻ ይራባል

ሳንድዊቹ የእንቁላል ነበር። ይኼን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ዓመቱ 2002፣ ወሩ መጋቢት፣ ቀኑ ረቡዕ፣ ዓቢይ ጾም። ላሊበላ ላይ እንግዳ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ቤተ ጊዮርጊስን ጨርሰን ጥላ ፈልገን አረፍ አልን። እንግዶቹ ከሆቴል የተቋጠረላቸውን ምሳ አወጡ። እኔ ራቅ ብዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም ውኃ እንኳ አልያዝኩም።

ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው አንዲት ሴትዮ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ሳንድዊቹን ለሁለት ገምሰው ግማሹን በሶፍት ጠቅልለውታል። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል። እጄ ላይ አስቀመጡትና በሹክሹክታ «ብላ፤ ማንም አያይህም» አሉኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጾም ምን እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን አነቃነቃቸው «አልራበኝም» እያለ የሚዋሽ ሕፃን ፊት እንደሚነቀነቀው ነበር። ያኔ ከአፌ ካሴቱ ተከፈተ። የሙያ ባልደረቦቼ ካሴቱን ያውቁታል። ሉሲ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ዓድዋ፣ 1888። ቅኝ ያልተገዛን። 13 ወር። ቡና ከእኛ ነው የወጣው። የናይል ውኃ 85 ከመቶ ያህሉ ከእኛ ደጋ ነው የሚወርደው። ሴትዮዋ ሁሉንም ሰሙና መጨረሻ ላይ «እሺ፤ በኋላ ስትፈልግ ትበላዋለህ» አሉኝ።

ዛሬ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ኮቪድ መጣ፤ ጦርነቱ ተከተለ፤ ላሊበላም በ2013 እና በ2014 ያየችውን አየች። እኔም እንደ ብዙዎቹ ሥራ ቀየርኩ። አሁንም ግን አዲስ የሚገቡ ልጆች እየደወሉ ይጠይቁኛል። «የእነ እገሌ አገር ሰዎች እንዴት ናቸው? ጉርሻ ላይ እንዴት ናቸው? ስለ ረሃብ ሲጠይቁን ምን እንበል?» በስልክ አያልቅም። ስለዚህ ያየሁትንና የተሳሳትኩትን እዚህ ላስቀምጠው።

ሳንድዊቹ በተሰጠኝ ዕለት ምሽት ነገሩን ለእናቴ ነገርኳት። ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች።

«እና ምን አደረግህ?»

«መለስኩላቸዋ! ጾም ነው እኮ። ደግሞ እንቁላል!»

«ተቀብለህ ለልጆች አትሰጥም ነበር? አሳዘንካቸው እኮ።»

«እኔ ነኝ ያሳዘንኩ ወይስ እሳቸው? ሁሌ ራብተኛ፣ ሁሌ ራብተኛ!»

እማዬ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። «በሰባ ሰባት ፈረንጅ ‘ብሉ’ ባይል ኖሮ፣ አንተ ዛሬ ቆመህ ባልተቆጣህ» አለችኝ።

እኔ የተወለድኩት በ1978 ነው። በ77 እናቴና ታናሽ እህቷ ከላስታ ተነሥተው አራት ቀን በእግር ተጉዘው ኮረም ገቡ። መጠለያ ጣቢያው ስንዴ ይሰጥ ነበር። የተመለሰችው እናቴ ብቻ ናት። እስከዚያ ምሽት ድረስ አክስት እንደነበረችኝ አላውቅም ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ ደግሞ የታሪክ አስጎብኚ ነኝ ባይ።

እንግዲህ ነገሩ ለእኔ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። «ኢትዮጵያ ማለት ረሃብ» ሲሉን የሚያንገበግበን ውሸት ስለሆነ አይደለም። ውሸት ቢሆንማ ስቀን እናልፈው ነበር። ፈረንጅ አገር ሄጄ «ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት ዛፍ ላይ ነው?» ቢሉኝ አያመኝም። ይሄኛው የሚያመው እውነት ስለነበረ ነው። የእኛ ቤት ውስጥ፣ የእኛ እናት ዝም ብላ ያቆየችው ነገር ስለሆነ ነው። እኛ በሹክሹክታ እንኳ ያላወራነውን፣ ያላየው ሰው በጩኸት ያወራዋል።

እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ምን እል እንደነበር ልናዘዝ። ስለ ረሃቡ ሲጠይቁኝ «ድሮ ነው፤ ወደ ሰሜን ነው» እያልኩ በእጄ ወደ ተራራው አሳይ ነበር። ራሴ የወሎ ልጅ ሆኜ ወሎን ወደ ሌላ ቦታ እገፋት ነበር።

ዓለም እንዴት እንዲህ እንዳወቀን ማወቅ ለአስጎብኚ ይጠቅማል። በጥቅምት 1977፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 1984፣ የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት ፊልም በዓለም ቴሌቪዥን ታየ። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። ከሳምንታት በኋላ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞች ተሰብስበው ለእርዳታ አንድ ዘፈን አወጡ። በጁላይ 1985 ደግሞ ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ በአንድ ቀን ትልቅ ኮንሰርት ተደረገ። ዛሬ ስልሳ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ያኔ ወጣት ነበሩ፤ ገንዘብ አዋጥተዋል፤ አልቅሰዋል። ሳንድዊች የገመሱልኝ ሴትዮ ሊሰድቡኝ አልመጡም። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ልጅ አገኙትና ሊያበሉት ነው የመጡት። እኔ ያንን ልጅ አለመሆኔን ማየት ግን አልቻሉም።

ያ ዘፈን ግን አንድ ጥያቄ አለው፤ ሁሌ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ወይ ብሎ ይጠይቃል። የዋግና የላስታ ገበሬ በባዶ እግሩ ቀናት ተጉዞ፣ ለታኅሣሥ 29 አጥቢያ ላሊበላ አድሮ፣ ንጋት ላይ «ቤዛ ኩሉ» የሚያደምጥበት አገር ላይ! ይህን ለእንግዶች ሳጫውታቸው ይስቃሉ። ቀጥሎ ዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ ከካሴቱ ሁሉ ትበልጣለች።

አሁን ስለ ረሃብ ሲጠይቁኝ የማደርገው ይኼ ነው። አልቆጣም፤ አልክድም። ዓመቱን እናገራለሁ። ድርቁን ብቻ ሳይሆን ጦርነቱንም እናገራለሁ። ሰው ኮረም ላይ ሲረግፍ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በከፍተኛ ድምቀት ሲያከብር እንደነበር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ እናቴ እዚያ እንደነበረች እነግራቸዋለሁ። አንድ ሰው ስም ያላት፣ ልጇ ፊት ለፊቱ የቆመ ሴት ሲያስብ ጥያቄው ይቀየራል። «አሁንም ትራባላችሁ ወይ?» የሚለው ቀርቶ «እናትህ አሁን ደህና ናት?» ይሆናል። በነገራችን ላይ፣ የጾም ወራት ከሆነ የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ላይ «እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልበላም፤ አትዘኑልኝ» ብላችሁ ንገሯቸው። ብዙ ሳንድዊች ታተርፋላችሁ።

ሯጭነቱ ሌላ ነው። እሱን እንወደዋለን። «ኦ፣ ኢትዮጵያ! ኃይሌ! ትሮጣለህ?» ሲሉኝ ደረቴን እነፋ ነበር። 85 ኪሎ ነኝ። አሸተን ማርያምን ስወጣ ሦስት ጊዜ አርፋለሁ፤ የሰባ ዓመት ስዊዘርላንዳዊት ቀድማኝ ወጥታ ታውቃለች። ደራርቱም፣ ፋጡማም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም የበቆጂና የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ከአርሲ የተገኘ ክብር ነው፤ እኔ በታክሲ ነው የምሄደው። ጥሩ ስም ሲሆን ማንም «አጠቃለላችሁን» ብሎ አይከራከርም፤ ይኼ ትዝብት ነው።

አሁን ወደ ደብተሬ ልምጣ።

ሰማያዊ ሽፋን ነበራት። ነባር አስጎብኚዎች «ሰው እንዳገሩ ነው፤ መጀመሪያ ፓስፖርቱን እይ» ይሉን ነበር። እኔም ጎበዝ ተማሪ ሆንኩ። እንዲህ ይላል፦ አሜሪካ፣ ጉርሻ ጥሩ፣ ብዙ ያወራል። ጀርመን፣ ሰዓት! ሰዓት! ጃፓን፣ ዝምታ፣ ፎቶ፣ ጉርሻ የለም። ፈረንሳይ፣ ምግብ አይጥመውም። እስራኤል፣ ይከራከራል፣ ዋጋ ይሰብራል። ጣልያን፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ጦርነት አታንሣ።

ክፋቱ አንዳንዴ ይሠራል። አሥር ጊዜ ትሳሳትና አንዴ ስትመታ «አላልኩም!» ትላለህ። የተሳሳትከውን አትቆጥርም።

ጉርሻውን እንውሰድ። ለዓመታት አሜሪካዊ ቸር፣ ጃፓናዊ ቆንቋና ነው ብዬ አምኜ ነበር። በኋላ አንድ በአሜሪካ አስተናጋጅ የነበረ እንግዳ ነገረኝ። እዚያ በፌዴራል ሕጉ ጉርሻ የሚቀበል ሠራተኛ ከአሠሪው የሚያገኘው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። ሌላውን የሚሞላው ተስተናጋጁ ነው። አለመስጠት ደሞዝ እንደ መከልከል ይቆጠራል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ገንዘብ ትተህ ብትወጣ አስተናጋጁ ረሳኸው ብሎ ሊከተልህ ይችላል። ፈረንሳይ የአገልግሎቱ ዋጋ ሜኑ ላይ ከተጻፈው ውስጥ ነው። እኔ የሰው ጠባይ እየመዘገብኩ መስሎኝ የምግብ ቤት አሠራር ስመዘግብ ኖሬያለሁ። የጃፓን እንግዶቼ ሲመለሱ ፖስታ ውስጥ ያነሣናቸውን ፎቶዎች አጥበው፣ ከኋላው ስሜን ጽፈው ይልኩልኝ ነበር። እሱን ደብተሬ ላይ ጉርሻ የሚለው ዓምድ ውስጥ አላስገባሁትም።

ሰዓቱ ደግሞ ይብሳል። የመጀመሪያ ጀርመኖቼን ልቀበል ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨንቄያለሁ። ሸሚዝ አስተኮስኩ። የቢሮው ልጅ ማታ ደውሎ «ነገ ሰባት ሰዓት ሆቴሉ ሎቢ ድረስ» አለኝ። ጀርመን አይደሉ? ስድስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ደረስኩ። አሥር ደቂቃ ቀደም! በኩራት ገባሁ። ባልና ሚስቱ ሻንጣቸውን አጠገባቸው አቁመው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠቁሯል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ፣ በእነሱ ሰባት ሰዓት፣ እዚያው ሎቢ ውስጥ ናቸው። ስድስት ሰዓት ያህል ጠብቀውኛል። የቢሮው ልጅ ቁጥሯን ሳይቀይር እንዳለች አስተላልፏታል።

ሰውዬው አልጮኸም። «አፍሪካ» አለ፣ ለሚስቱ፣ ቀስ ብሎ። ይኼንን ቃል ለመረዳት ጀርመንኛ አያስፈልግም።

ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያው ቆየን። ሦስተኛው ቀን ላይ ሰዓቴን ከእጄ ፈትቼ አሳየሁት። እኛ ቀኑን ፀሐይ ስትወጣ እንጀምራለን፤ ስለዚህ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ ሰዓት እንላለን አልኩት። ሌሊቱን ሌላ ሰዓት፣ ቀኑን ሌላ ሰዓት። ዝም ብሎ አሰበና «ይኼ እኮ ከእኛ ይልቅ ትርጉም ይሰጣል» አለኝ። መሐንዲስ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየቦታው ለተዋወቀው ፈረንጅ ሁሉ የኢትዮጵያን ሰዓት የሚያስተምረው እሱ ሆነ። እኔ ዕረፍት አገኘሁ።

ምክሬ፦ ሰዓት ስትናገሩ ሁሌም ሁለቱንም ተናገሩ። «በእናንተ ሰባት፣ በእኛ አንድ።» ጻፉላቸው። ከቢሮ ሲደወልላችሁም «በማን ሰዓት?» በሉ።

ግን እንዋሻለን እንዴ? «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚለውን ማን አወጣው? ፈረንጅ አላወጣውም። ሠርግ ላይ ሦስት ሰዓት አርፍደን ገብተን «የሐበሻ ቀጠሮ ነው ባካችሁ» ብለን የምንስቀው እኛ ነን። «ሐበሻ ምቀኛ ነው» የምንለውም እኛው። ያንኑ ነገር ፈረንጅ ቢለው ግን ደም ሥራችን ይገተራል። ራስን መስደብ የባለቤት መብት ነው፤ ይኼ ይገባኛል። ችግሩ «ሐበሻ ነኝ፣ ምን ላድርግ» ብዬ ለራሴ ፈቃድ የሰጠሁባቸውን ቀናት ሳስብ ነው። የእውነት ያረፈድኩባቸው ብዙ ናቸው። እነዚያን ሁሉ ያረፈደው ሐበሻ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

በሰዓት ተጨንቄ ከሠራሁባቸው ጀርመኖች መካከል ደግሞ ሁሌ መኪና ውስጥ መጨረሻ የሚገባ አንድ ፎቶ አንሺ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ ሁለት ጊዜ በሰው አስፈልጌዋለሁ። ደብተሬ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ለየት ያለ።» ጀርመንን አላረምኩም፤ ሰውዬውን ከጀርመንነት አወጣሁት።

የልጆቹን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። መንገድ ዳር «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ የውኃ ጠርሙስ ሲለምኑ እንግዶች «ምን ማለት ነው?» ይላሉ። የውኃ ብራንድ ስም የፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ስም ሆነ ብዬ ሳስረዳ ይገርማቸዋል። ይኼ ቀላሉ ነው። ከባዱ «ቻይና! ቻይና!» ነው። ዓይኑ ጠበብ ያለ ሁሉ ቻይና ነው። አንድ ቀን አንድ የደቡብ ኮሪያ ሽማግሌ ይዤ ገበያ ውስጥ እየሄድን ልጆች ከበቡን። «ቻይና! ቻይና!» ሽማግሌው ቆሙ። ልጆቹን ትኩር ብለው አዩና ወደ እኔ ዞረው «ቃኘውን አያውቁም?» አሉኝ። ቃኘው የተባለውን ጦራችንን ማለታቸው ነው። በፈረንጅ ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች ኮሪያ ሄደው ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ እዚያ ሞተዋል። ከተቃራኒው ወገን ደግሞ የነበረው የቻይና ጦር ነበር። እስቲ አስቡት። ለመሆኑ ከዚህ የከፋ ስድብ ምን ነበር ልንመርጥላቸው የምንችለው? ልጆቹን ሰብስቤ አስረዳሁ። በጥሞና ሰሙኝ። ስንሄድ «ኮሪያ! ኮሪያ!» እያሉ ተከተሉን። ሽማግሌው ሳቁ። እንደ መሻሻል ቆጠርነው።

ጣልያኖቹ ደግሞ ከጋሸና ወደ ላሊበላ በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ያኔ ፒስታ ነበር፤ ድንጋዩ መኪና ያስለቅሳል። ባሌስትራ ተሰበረ። ሾፌራችን ጋሼ መኪናው ሥር ገብቶ ረዳቱን «ፒንሳ! ካቻቢቴ! አይ አይ፣ ትልቁን ካቻቢቴ!» ይላል። አንድ ነጭ ፀጉር ጣልያን ጆሮውን ማመን አቃተው። የገዛ ቋንቋው ከላንድክሩዘር ሥር እየወጣ ነው። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነበር። ጃኬቱን አውልቆ ከጋሼ ጎን ተጋደመ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ቡሎን እያሉ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ አስተርጓሚ ተግባቡ። እኔ ሥራ ፈት ሆንኩ።

ከቡድኑ አንዱ ሰው መንገዱን እያየ «እኛ እኮ ብዙ መንገድ ሠርተንላችኋል» አለ። ተረጎምኩት። ጋሼ ከሥር ሆኖ «ታዲያ ይኼን ለምን ዘለሉት በለው» አለኝ። ይኼንንም ተረጎምኩት። ሁሉም ሳቀ፤ ከጡረተኛው መካኒክ በቀር። ማታ ሆቴል ውስጥ ብቻዬን አገኘኝና ስለ የካቲት 12 ጠየቀኝ። በትምህርት ቤት አላስተማሩንም አለኝ። ኢትዮጵያ በሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ ያለቀው ሰው 30 ሺህ ነው እንደምትል ነገርኩት። አገሩ ውስጥ «ጣልያን ደግ ሕዝብ ነው፤ እንደ ሌሎቹ ቅኝ ገዢ አልነበረም» የሚል አባባል እንዳለና ራሱም በእሱ እንዳደገ ነገረኝ። ለካ ጥሩ ስምም ይሸፍናል። «ጦርነት አታንሣ» ብዬ በጻፍኩት መሠረት ብሄድ ኖሮ ይኼንን ሰው አላገኘውም ነበር።

የደብተሬን ነገር የጨረሱት ግን ከእስራኤል የመጡ አባት ናቸው። ጎንደር ላይ ነው። ከሴት ልጃቸው ጋር ነው የመጡት። እሷ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ በዕብራይስጥ ነው። እሳቸው ግን የጎንደር አማርኛቸው ንክች አላለም። መኪናው ውስጥ ፊት ተቀምጠው ስክሪብቶ ሲፈልጉ ደብተሬን አገኟት። ጮክ ብለው አነበቡ፦ «እስራኤል፣ ይከራከራል፣ ዋጋ ይሰብራል።»

ላብ አጠመቀኝ።

«ልክ ነህ፤ ልጄን ገበያ ይዘሃት ብትሄድ ታየዋለህ» ብለው ሳቁ። ገለጥ ገለጥ አደረጉ። መጨረሻው ድረስ ሄዱ፤ ተመለሱ። «እኔንስ የት ጻፍከኝ?» አሉኝ።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ…» ብዬ ቀረሁ።

በ77 በሱዳን በኩል በእግር የወጡ ናቸው። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከሱዳን በአውሮፕላን ተወስደዋል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ በመንገድና በስደተኛ ጣቢያ ሞተዋል። እናቴ ኮረም በነበረችበት ዓመት ማለት ነው። «እዚያ ‘ኢትዮጵያዊው’ ነኝ» አሉኝ። «እዚህ ስመጣ ሆቴሉ ፓስፖርቴን አየና በውጭ ዜጋ ዋጋ አስከፈለኝ።» በ1996 የፈረንጆች ዓመት እስራኤል ውስጥ ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የለገሱት ደም በኤች አይ ቪ ፍርሃት በድብቅ ይጣል እንደነበር ጋዜጣ ሲያወጣ፣ ኢየሩሳሌም ላይ በሺዎች ሆነው ሰልፍ ከወጡት አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ከጎንደር ወጣ ብሎ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ወለቃ አለች። የ«ፈላሻ መንደር» ምልክቱ ጋ ስንደርስ አቁም አሉኝ። ወረዱ። ልጃቸው ስልኳን አውጥታ ልታነሣቸው ስትል በእጃቸው ከለከሏት። «ይኼን ስም እኛ አላወጣነውም» አሉኝ። «አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ጎረቤቱ ማረሻውን ከእሱ ይገዛል። ልጁን ግን ‘ቡዳ ነው’ እያለ ከዓይኑ ይሸሽጋል።» ይኼን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። የአየር ሁኔታ የሚናገሩ ነው የሚመስሉት። ለቱሪስት ይኼን ምልክት ስንት ጊዜ በጣቴ እያሳየሁ «ወደ ግራ ተመልከቱ» እንዳልኩ ቆጠርኩ። አልቆጠርኩም፤ ብዙ ነው።

ደብተሯን አልቀደድኳትም። እስካሁን አለችኝ። ግን ከዚያ በኋላ የአገር ስም መጻፍ ተውኩ። የሚጠቅሙ ጥያቄዎችን መጻፍ ጀመርኩ። ሥራቸው ምንድነው? ከዚህ በፊት ማን ስለ ኢትዮጵያ ነገራቸው? መቼ? ጉልበታቸው ደረጃ ይችላል? ምን አይበሉም? ሁለተኛው ጥያቄ ወርቅ ነው። አብዛኛው ሰው ስለ እኛ የሚያውቀውን ከየት እንዳገኘ ራሱም ጠይቆ አያውቅም። ሲጠየቅ ይገረማል፤ ከዚያ ማውራት ይጀምራል። አሁንም ቢሆን ስም ዝርዝር ላይ ፓስፖርቱን ሳይ ጭንቅላቴ «ይኼማ…» ማለቱን አልተወም። ማለቱን እሰማዋለሁ፤ ግን አልጽፈውም።

በ2009 ክረምት መግቢያ ላይ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ከአየርላንድ ብቻቸውን መጡ። በወጣትነታቸው ለዚያ እርዳታ ገንዘብ ሰብስበዋል። ስለ ኮረም ጠየቁኝ፤ ስለ እናቴ ነገርኳቸው። ማግኘት ይቻላል ወይ አሉኝ። እማዬ ቄጤማ ጎዝጉዛ ቡና አፈላች። እኔ መሐል ተቀምጬ አስተረጉማለሁ።

«ከየት አገር ናቸው?» አለች እማዬ።

«ከአየርላንድ።»

«ፈረንጅ አይደሉም እንዴ?»

«ፈረንጅ ናቸው። ግን አገራቸው አየርላንድ ነው።»

እንግዳዋ ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ስለ አገራቸው አወሩ። በፈረንጅ ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ መታው፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፣ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ፤ በዚያው ጊዜ እህል በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር። ከዚያ በኋላ በየሄዱበት ድንች በላ፣ ሰካራም፣ ደንቆሮ ተባሉ። የእንግሊዝ ጋዜጦች ዝንጀሮ አስመስለው ይስሏቸው ነበር። ሃይማኖት ቀይሮ ሾርባ የተቀበለ ሰው ዘሩ ሁሉ ይሰደብበታል አሉ፤ «ሾርባ የወሰደ» እስከ ዛሬ ስድብ ነው። አያታቸው ቤት ስለዚያ ዘመን ማውራት ነውር ነበር።

ይህን ሁሉ ተረጎምኩ። እማዬ ዝም ብላ ሰማች። ረከቦቱን አስተካከለች። በረካውን ቀዳች።

«ሰባ ሰባታቸው የዛሬ ስንት ዓመት ነው? ጠይቅልኝ» አለች።

ጠየቅኩ። «መቶ ሰባ» አሉ እንግዳዋ።

«ውይ» አለች እማዬ። «እኛማ ገና ነና።» ሲኒውን አቀበለቻቸው።